ኮምፒዩተራችን ሲታመም ማን ያክመዋል?

(በማህበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንዲት አባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ኮምፒዩተር ጥገናና ድጋፍ ሥልጠና ንግግር እንዳደርግ ሲጠይቀኝ መጀመሪያ እምቢ ብዬ ነበር። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ አለኝ፤ ኮምፒዩተር የማውቀው ደመወዝ የምሠራበትንና ሪፖርት የማወጣበትን ያህል ነው። ሊቀመንበራችን ግን «ስለ ሐኪሙ ከሐኪሙ ይልቅ ታማሚዋ ብታወራ ይሻላል፤ አንቺ ታመሽበታል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ስለዚህ የምናገረው እንደ ባለሙያ ሳይሆን ባለሙያ አጥታ እንደተቸገረች ሴት ነው።

ነገሩን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ፤ አዲስ አባላትና እንግዶች ግን ስላላችሁ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የማህበራችንን የቁጠባና የብድር ሂሳብ ከትልቁ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ያዛወርኩት እኔ ነኝ። የእያንዳንዷን አባል ሳምንታዊ ቁጠባ፣ ብድርና ቅጣት ኤክሴል ላይ አስገባሁት። ድምሩ ራሱ ይወጣል፣ ስህተት ይቀንሳል፣ ሪፖርቱ በደቂቃ ይደርሳል። ኩራት ተሰማኝና መዝገቡን ዘጋሁት። ከ14 ወር በኋላ፣ በሰኔ ወር ሂሳብ ልዘጋ ስዘጋጅ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒዩተሩ አልነሳ አለ። ጥቁር ስክሪን ላይ ጥቂት ነጭ ፊደል አውጥቶ ቆመ።

ተሸክሜ ወደ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የማንን ቤት እንደሆነ አልናገርም፤ ልጁም ትሑትና ታታሪ ነበር። «ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፤ ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫንልሽ?» አለኝ። «እሺ» አልኩት። ፎርማት ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር። እሱም ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቀኝም። በማግሥቱ ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ እየበራ ተመለሰ። የ14 ወር ሂሳባችን ግን አብሮት አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። የእናንተን የቁጠባ ደብተሮች ሰብስበን፣ ከጸሐፊያችንና ከገንዘብ ያዣችን ጋር ሦስት ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ተቀምጠን ሂሳቡን እንደገና ሠራነው። አንዲት እናታችን ግን ደብተራቸው ዝናብ መትቶት ጠፍቶ ነበር። ስንት እንደቆጠቡ ስንጠይቃቸው «2,900 ብር ይመስለኛል። ከዚያ በላይ ነው ብዬ የሰው ገንዘብ አልበላም» አሉን። በዚያው ጻፍን። ከአምስት ወር በኋላ የቀድሞዋ ገንዘብ ያዥ ቤቷን ስታጸዳ አንድ ፍላሽ አገኘች። ሪፖርት ልታሳትምበት የወሰደችው የፋይላችን ቅጂ እስከ ሚያዝያ ድረስ ውስጡ ነበር። የእኚያ እናት ቁጠባ በዚያን ጊዜ ብቻ 3,350 ብር ደርሶ ነበር። የእኔን ጥፋት እሳቸው ከራሳቸው 450 ብር ቀንሰው ከፍለውልኛል ማለት ነው። በቃለ ጉባኤ አስተካክለን መለስንላቸው። እኔ ግን ያቺን 450 ብር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

አንድ ጥያቄ

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ለሚያውቁ ሰዎች እየጠየቅሁ ተረዳሁት። ኮምፒዩተር ፋይሎቹን የሚያኖረው ሃርድ ዲስክ በሚባለው ዕቃ ላይ ነው። ፎርማት ሲደረግ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠፋው ጽሑፉ ራሱ ሳይሆን ማውጫው ነው። ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ የምዕራፎቹን ማውጫ ገጽ ቀዳችሁ ብትጥሉት ገጾቹ አሉ፤ የት እንዳሉ ግን አይታወቅም። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ኮምፒዩተሩ ባይነካ ኖሮ ፋይሎቹን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። አዲስ ዊንዶውስ ሲጫንበት ግን በቆዩት ገጾች ላይ አዲስ ይጻፋል። ያን ጊዜ የተጻፈበት ገጽ አይመለስም።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ደግሞ ፎርማት ላያስፈልገውም ይችል የነበረ መሆኑ ነው። ሃርድ ዲስኩን ፈትቶ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አገናኝቶ መጀመሪያ ፋይሉን መገልበጥ ይቻል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ካቻቢቴ፣ አንድ ኬብልና አንድ ጥያቄ ነው፦ «ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታ ቅጂ አለሽ?»

እህቶቼ፣ ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ሙያ ይሄ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ «አይሲቲ» የምንላቸው፣ «የአይቲ ድጋፍ» የሚባለው ሥራ የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያዎች ናቸው። ብዙ ሰው የኮምፒዩተር ሙያ ሲባል ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ሒሳብ የሚራቀቅ ሰው ብቻ ይመስለዋል። የድጋፍ ባለሙያ ግን ዋና ሥራው ሰው መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ መሞከር፣ መመዝገብ ነው።

ለእናቶቼ በሚገባችሁ ነገር ላስረዳ። በየቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ የሰፈሩ ሴት ልጆች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተመደቡ። በጤና ኬላው የሚችሉትን ያደርጋሉ፤ የማይችሉትን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ፤ ጤና ጣቢያው ያቃተውን ወደ ሆስፒታል ሪፈር ይላል። የኮምፒዩተር ድጋፍም እንደዚሁ በደረጃ የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ስልክ ያነሳል፣ ያለበት ቦታ ድረስ ይሄዳል፣ የተለመደውን ችግር ይፈታል። ያልቻለውን ያየውንና የሞከረውን ጽፎ ለሁለተኛው ደረጃ ያስተላልፋል። ጤና ኬላ ላይ ያለችው ልጅ ቀዶ ሕክምና እንደማትጠየቅ ሁሉ የመጀመሪያ ደረጃ ባለሙያም ሁሉን እንድታውቅ አይጠበቅም። የምትችለውንና የማትችለውን ለይታ ማወቅ ግን ግዴታዋ ነው። ያ ጥገና ቤት ያለ ልጅ የጎደለው እጅ አልነበረም። ይህ ሥርዓት ነው የጎደለው።

ሥራው በየቀኑ ምንድን ነው?

እኔ በሠራሁባቸው ቢሮዎች ያየሁትን ልዘርዝር። ፕሪንተር ወረቀት ይበላል፣ ወይም ኬብሉ ተነቅሎ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሁለት ቀን ይቀመጣል። ሠራተኛ የይለፍ ቃሉን ይረሳል። ኮምፒዩተር ሲበራ ይጮኽና ስክሪኑ ባዶ ይሆናል፤ የሚያውቅ ሰው ከፍቶ ሜሞሪውን ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ጠርጎ ሲመልሰው ይነሳል። ስታቢላይዘርና ዩፒኤስ ሳይኖረው በቀጥታ ሶኬት ላይ የተሰካ ኮምፒዩተር መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ይጎዳል። የእኔም ሕመም ከዚያ ነው የጀመረው።

ፍላሽ ላይ ያለው ቫይረስ ደግሞ የታወቀ ነው። ከጽሕፈት ቤት ወደ ጽሕፈት ቤት ፍላሽ ይዞራል። ከዚያ ስንከፍተው ፋይሎቻችን በሙሉ ጠፍተው የ«ሾርትከት» ምልክት ብቻ ይቀራል። ስንቱ ሰው ደንግጦ ፍላሹን ፎርማት አድርጓል! ብዙውን ጊዜ ግን ፋይሉ አልጠፋም፤ ቫይረሱ ደብቆት ነው። የምታውቅ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ታወጣዋለች።

የአማርኛ ጽሑፍም ጣጣ አለው። በድሮ ጊዜ የግዕዝ ፊደል በኮምፒዩተር የሚጻፈው እያንዳንዱ አዘጋጅ በራሱ መንገድ በሠራው ፎንት ነበር። አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላው ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ፊደላችን ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በኋላ ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ ቪስታን ሲያወጣ ኒያላ የሚባለውን የአማርኛ ፎንት አብሮ ጨመረ። ቢሆንም ዛሬም ድረስ በየመሥሪያ ቤቱ በድሮው ፎንት የተጻፉ ደብዳቤዎችና ቃለ ጉባኤዎች አሉ። ሲከፈቱ እንቆቅልሽ ይሆናሉ። ይሄንን ከውጭ የመጣ መጽሐፍ አያስተምርም፤ የአገሩን ችግር የምታውቅ የአገሩ ልጅ ናት የምትፈታው።

ይህ ሁሉ የሚያስፈልገው ማን ነው ብላችሁ እንደሆነ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ወረዳዎችን በኔትወርክ የሚያገናኘው ወረዳ ኔት ከተዘረጋ ሁለት አሥርት ዓመት ሆኖታል። የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ሂሳቡን በኮምፒዩተር ይሠራል። ነጋዴው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አለው። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ እህታችን እንኳ በስልኳ ገንዘብ ትቀበላለች። የፋይዳ ምዝገባ በኮምፒዩተር ነው። ባንኮቹ፣ ትምህርት ቤቶቹ፣ ዩኒቨርሲቲያችን፣ ሆስፒታሉ ሁሉም በዚሁ ላይ ቆመዋል። ማሽኑ ከደብረ ማርቆስ አልፎ እስከ አማኑኤል፣ እስከ ሉማሜ፣ እስከ ቢቸናና ሞጣ ገብቷል። የሚጠግነው ሰው ግን አብሮት አልገባም። አንድ ኮምፒዩተር ሲበላሽ በመኪና ተጭኖ ወደ ከተማ ይመጣል፤ ሠራተኛው እስኪመለስ ይጠብቃል፤ ባለጉዳዩም «ነገ ተመለስ» ይባላል።

መንገዱ

ልጆቻችን በየት በኩል ይገባሉ? የመጀመሪያው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። በከተማችን ደብረ ማርቆስ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ በየወረዳውም ኮሌጆች አሉ። በአገሪቱ የሙያ ደረጃ ውስጥ ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት ዘርፎች በታችኛው ደረጃ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ድጋፍ አገልግሎት፣ ከፍ ሲል የሃርድዌርና ኔትወርክ ሰርቪስ ናቸው። መግቢያው እንደየዓመቱ መቁረጫ ነጥብ ይለያያል፤ ኮሌጁም የትኛውን ዘርፍ በየትኛው ደረጃ እንደሚከፍት በምዝገባ ወቅት ሄዶ መጠየቅ ነው። ሥልጠናው በመመሪያው መሠረት 30 በመቶ ንድፈ ሐሳብ፣ 70 በመቶ ተግባር እንዲሆን፣ ከተግባሩም ብዙው በመሥሪያ ቤቶች ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲሰጥ የታሰበ ነው። መጨረሻ ላይ «ሲኦሲ» የምንለው የብቃት ምዘና አለ፤ በጽሑፍም በተግባርም ይፈተናሉ። ቀጣሪ የሚጠይቀው የኮሌጁን ወረቀት ብቻ አይደለም፤ ይሄንንም ነው።

ሁለተኛው መንገድ በኢንተርኔት የሚሰጥ ሥልጠና ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተው የሲስኮ ኔትወርኪንግ አካዳሚ የኮምፒዩተር አሠራርንና ጥገናን ከመሠረቱ የሚያስተምር ኮርስ አለው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 በኮርሴራ በኩል የአይቲ ድጋፍ ሰርተፍኬት ጀምሯል። ስለ ቴክኒክ ድጋፍ መሠረት፣ ስለ ኔትወርክ፣ ስለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ስለ ሲስተም አስተዳደርና ስለ ደኅንነት በተራ ያስተምራል። ኮምፕቲያ ኤ ፕላስ የሚባለው ደግሞ በዓለም ዙሪያ በዘርፉ ጀማሪዎች የሚፈተኑት የታወቀ ምዘና ነው፤ ሁለት ፈተና አለው። በአገራችንም በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር «አምስት ሚሊዮን ኮደርስ» የሚባለው ነፃ ሥልጠና ተጀምሯል። እሱ የሚያተኩረው በፕሮግራሚንግ፣ በዳታና በአንድሮይድ ላይ ስለሆነ በቀጥታ የጥገና ሥልጠና አይደለም። ነገር ግን ልጆቹን ከኮምፒዩተር ጋር ያቀራርባል።

እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ደግሞ ወጪውንም ልንገራችሁ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በዶላር የሚከፈልባቸው ናቸው፤ ለእኛ ልጆች ያ በር ጠባብ ነው። ሁሉም ከሞላ ጎደል በእንግሊዝኛ ናቸው። ሁሉም ኢንተርኔት ይፈልጋሉ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ በኢንተርኔት ትምህርት የጀመሩ ልጆች ምን እንደሆኑ አይተናል። ትምህርታቸው በዚያው ቆመ። ስለዚህ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ወጥ አድርገን እንጨምረው፤ እንጀራችን ግን ኮሌጁና እጅ በእጅ የሚሠራው ልምምድ ይሁን።

ወረቀት ይዛ ቤት የተቀመጠች ልጅ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ደጋፊዎቻችን ባሉበት መናገር ይከብዳል፤ ግን ሂሳብ የሚያሳምረው እውነቱ ነው።

ከአባሎቻችን የአንዷ ልጅ በዚህ ሙያ ሠልጥናለች፤ ሲኦሲም አልፋለች። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ቤት ተቀመጠች። እናቷ «ያስተማርኳት ለእንጀራ ጋገራ ነው?» እያለች ስታዝን ሰምታችኋል። ልጅቱን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። ስትማር ለብዙ ተማሪ የሚበቃ የሚሠራ ኮምፒዩተር አልነበረም። ወንዶቹ ከፊት ቆመው ይፈታሉ፣ እሷ ከኋላ ሆና ታያለች። ለትብብር ሥልጠና የተመደበችበት መሥሪያ ቤት ደግሞ ፎቶ ኮፒ ሲያስነሳት ከረመ። ሥልጠናው 70 በመቶ ተግባር ነበር፤ የእሷ ተግባር ግን ወረቀት መደርደር ሆነ። ሥራ ልትጠይቅ ጥገና ቤት ስትሄድ «አንቺ ካቻቢቴ ትይዣለሽ?» ብለው ሳቁባት። እኔ ግን ምጣድ አስወልውሎ፣ ሙቀጫ አስወቅጦ፣ ከወንዝ እንስራ አሸክሞ ያሳደጋትን እጅ አንዲት ካቻቢቴ ትከብደዋለች ብዬ አላምንም።

የዳነችው እንዲህ ነው። አንዲት ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ያላት እህታችን በትንሽ ክፍያ ቀጠረቻት። የተበላሸ ፕሪንተር ስታገኝ ትፈታዋለች። የሰው ፍላሽ በቫይረስ ሲመጣ ፋይሉን ታወጣለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብተር ያዘች። ቀኑን፣ ደንበኛው ምን እንዳለ፣ እሷ ምን እንዳየች፣ ምን እንደሞከረች፣ ምን እንደሆነ ትጽፋለች። ያንን ደብተር ሳየው ደስ አለኝ፤ የኔኑ ሙያ አየሁበትና። በእኛ ሥራ ያለ ቫውቸር አንዲት ብር አትወጣም። በእነሱም ትልልቅ ድርጅቶች ውስጥ እያንዳንዱ የችግር ጥሪ ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፤ ሳይመዘገብ አይነካም። እሷ ማንም ሳይነግራት በሃምሳ ሉክ ጀመረችው። ዛሬ ሁለት ትምህርት ቤቶችና አንድ ክሊኒክ ዕቃ ሲበላሽባቸው እሷን ይጠራሉ። ሀብታም አልሆነችም፤ ግን የራሷን ቤት ኪራይ ትከፍላለች። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለእናቷ የመስቀል በግ ገዛች።

የማህበራችንን ኮምፒዩተርም አሁን የምትይዘው እሷ ናት። መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ምን መሰላችሁ? አልነካችውም። ቁጭ ብላ «እትዬ፣ ውስጡ ምን አለ? ሌላ ቦታ ቅጂ አለሽ?» አለችኝ። እንባዬ መጣ። አሁን ሂሳባችን በሦስት ቦታ አለ፤ አንደኛው በኮምፒዩተሩ ላይ፣ ሁለተኛው በፍላሽ እኔ ዘንድ፣ ሦስተኛው በሃርድ ዲስክ ከጽሕፈት ቤቱ ውጭ በሊቀመንበራችን ቤት። እሳት ቢነሳ፣ ሌባ ቢገባ፣ መብራት ቢያቃጥል ሦስቱም በአንድ ቀን አይጠፉም። በየወሩ መጨረሻ ደግሞ ጠቅላላውን አሳትሜ በወረቀት እፈርምበታለሁ። ትልቁን መዝገብ ዳግመኛ ሙሉ በሙሉ አልዘጋም።

ላም ወይስ ኮምፒዩተር?

በባለፈው ስብሰባ አንዲት አንጋፋ እናታችን ተነሥተው «ለአንዲት ልጅ ሥልጠና የምናወጣውን ላም ገዝተን ብንሰጣት አይሻልም? ላሟ በዓመቷ ትታለባለች» ብለው ነበር። አንዳንዶች ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። ትክክለኛ የሂሳብ ጥያቄ ነው። ላም ያደገችበትን ዓይነት ሕይወት ለምታውቅ፣ ግጦሽና መኖ ላላት፣ ላሟ ትሻላለች። ኮምፒዩተር የተማረች ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ምንም ላታስገባ ትችላለች። ሥራ እንደምታገኝም ማረጋገጫ ልሰጣችሁ አልችልም፤ የሚሰጣችሁም ካለ አትመኑት።

ስለዚህ እኔ የምለው ሁሉን ልጅ ወደዚህ እንላክ አይደለም። ጥቂት ልጆችን፣ እናት ስለፈለገች ሳይሆን ራሷ የምትፈልገውን፣ የተበላሸ ሬዲዮ ስታይ እጇ የሚያሳክካትን፣ ሰው ሲነግራት ዝም ብላ የምታዳምጠውን መርጠን በሚገባ እናስተምር። ሦስት ሳምንት ተምሮ ሰርተፍኬት የሚያሰጥ ሥልጠና በየቦታው ሲለጠፍ አይቻለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አሥር ልጆችን በግማሽ ከማሠልጠን ሦስቱን ሙሉ ማድረግ ይሻላል።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አምስት ነጥብ አለው።

አንደኛ፣ ገንዘባችንን ለሥልጠና ክፍያ ብቻ አናውል። የመንግሥት ኮሌጅ ክፍያው ከባድ አይደለም። ከገጠር ለሚመጡት ልጆች የሚከብደው የቤት ኪራይ፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ነው። ልጆች የሚያቋርጡትም እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛ፣ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸው አብቅቶ በየመጋዘኑ የሚያስቀምጧቸው አሮጌ ኮምፒዩተሮች አሉ። ደጋፊዎቻችን፣ አዲስ ኮምፒዩተር ልስጣችሁ ከምትሉን አምስት የተበላሹ ስጡን። አዲስ ዕቃ ልጅቱ ለመፍታት ትፈራዋለች። የሞተውን ግን ያለ ፍርሃት ትፈታለች፣ ትገጥማለች፣ ከሁለቱ አንድ የሚሠራ ታወጣለች። የመፍቻ ዕቃም ይጨመርላቸው፤ የካቻቢቴ ስብስብ፣ ቮልት መለኪያ፣ የኔትወርክ ኬብል መግጠሚያና መሞከሪያ።

ሦስተኛ፣ ልጆቻችንን ለትብብር ሥልጠና የሚቀበል መሥሪያ ቤት ምን እንደሚያሠራቸው በጽሑፍ እንስማማ። በሳምንት ስንት ጊዜ ከባለሙያ ጋር ወደ ተበላሸ ዕቃ እንደሚሄዱ ይጻፍ። ሻይ ማፍላትና ኮፒ ማንሳት ከሥልጠናው አይቆጠርም።

አራተኛ፣ እያንዳንዷ ልጅ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የችግር መመዝገቢያ ደብተር ትያዝ። በየሁለት ወሩ ለኮሚቴው ታሳይ። እኔ ኮምፒዩተሩን ባላውቀውም የተሟላ መዝገብ ከጎደለው መለየት እችላለሁ።

አምስተኛ፣ ሠልጥነው ሲወጡ በስጦታ ሳይሆን በአገልግሎት ይመልሱልን። በወር አንድ ቅዳሜ ለአባሎቻችን ስልክ ያስተምሩ። የቴሌብርን የሚስጥር ቁጥር ለማንም እንዳንሰጥ፣ «ሽልማት ደርሶሻል» ብሎ የሚደውለውን እንዳናምን፣ ገንዘብ መግባቱን መልእክቱን ብቻ አይተን ሳይሆን ሂሳባችንን ከፍተን እንድናረጋግጥ ያስተምሩን። ከእኛ ውስጥ በዚህ የተታለሉ እናቶች አሉ፤ አፍረው አልተናገሩም እንጂ።

ወጪውን በተመለከተ የዕቃው ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ አሁን ቁጥር ጠርቼ አላሳስታችሁም። ጉባኤው በሐሳቡ ከተስማማ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ሰብስቤ ለኮሚቴው አቀርባለሁ። ከብድር ገንዘባችን ግን እንዳይነካ እለምናለሁ፤ የብድሩ ገንዘብ የነገ መነገጃችሁ ነው። ይህ ከዓመታዊ ትርፋችን ጉባኤው በሚወስነው ድርሻና ከደጋፊዎቻችን በሚገኝ እርዳታ ብቻ ይሠራ።

እናቶቼ፣ አንድ ነገር ተናግሬ ልቀመጥ። እኛ ገንዘባችንን ለብረትና ለመስታወት ሳጥን አምነን የሰጠን ሴቶች ነን። ያንን ሳጥን የሚያውቅ ሰው ከመካከላችን ከሌለ አምነን የሰጠነው ለሳጥኑ ሳይሆን ለማናውቀው ሰው ነው ማለት ነው። ድሮ መዝገቡ በእጅ ሲጻፍ ማንበብ የማትችል እናት እንኳ ልጇን አምጥታ «እስቲ የእኔን አንብቢልኝ» ትል ነበር። ዛሬም ልጇን አምጥታ «እስቲ ክፈችልኝና የእኔን አሳዪኝ» እንድትል እፈልጋለሁ።

እኚያ 450 ብራቸው የተቀነሰባቸው እናት ዛሬ እዚህ ከመካከላችን ተቀምጠዋል። ስማቸውን እንዳልጠራ ለምነውኛል። ወደ መድረኩ ስወጣ ግን ጠርተውኝ «የልጅ ልጄ ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ የቤታችንን ሬዲዮ ፈትታ ገጥማዋለች፤ አንድ ብሎን ተርፏታል፤ ግን ይናገራል» አሉኝ። ኮሚቴው መጀመሪያ የሚያነጋግራት ልጅ እሷ ብትሆን ደስ ይለኛል። የተረፈውን ብሎን ደግሞ ይዛው ትምጣ።